ነገራ ያልነበረበት ቅዳሜ

የበደላት ሰው ስሙ ጅረኛ ዋቅቶላ ነው፤ ባምባሲ አጠገብ ባለችው መንደራቸው የቀበሌ ሊቀመንበር የነበረው፣ ጅረኛ ባለሁለት ስልኩ፣ ጅረኛ በሰው ሁሉ ለቅሶ ፊት ፊት የሚቀመጠው፣ የነገራ ለቅሶ ላይ ግን ዝር ያላለው። ጋዲሴ ይህን ስም ሰባት ዓመት አኝካዋለች፤ ጅማት ነው፣ አይዋጥም አይተፋም። ዛሬም በጀርባዋ ተንጋላ ታኝከዋለች። በአገሯ አቆጣጠር ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ሆኗል፣ ግን ይህን ሌሊት የሚለው ማን ነው፤ ኖርዌይ በሚሉት አገር ሰሜን ጫፍ ላይ በሰኔ ፀሐይ አትገባም፣ መሄጃውን እንደማያውቅ እንግዳ ደጃፍ ላይ ተገትራ ታድራለች። ልጇ ዮሚፍ ጥቁር መጋረጃ ሰቅሎላታል፤ መጋረጃው በጎኑ ያስገባል፣ በጎኑ በምትገባው ቀጭን ብርሃን ላይ ደግሞ ነገራ ይቀመጣል። ሙት በጨለማ ይመጣል ይላሉ፣ ይበሉ። በጨለማ የመጣ ሙት ሊነጋ ሲል ይሄዳል፤ ጨለማ በሌለበት አገር ግን መሄጃ ሰዓቱ አይደርስለትም፣ እንዲሁ ይቀመጣል፣ ባሏ ነገራ፣ በዚያች ለብሷት በሞተባት ቡናማ ኮት፣ ነርሷ መድኃኒት ስታስቆጥራት በምትቀመጥባት ወንበር ላይ።

«ተነስ ሂድ» ትለዋለች። «ነገ ሥራ አለብኝ።»

ሥራው ምን እንደሆነ እሱም ያውቃል። ነገ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ አሶሳ አራት ሰዓት ሲል፣ በዮሚፍ ኮምፒውተር ፊት ትቀመጣለች፤ ከወዲያ ማዶ ፍርድ ቤቱ በፕላዝማ ያያታል። ጅረኛ ታስሯል። የመንደሩን ሰው ጠመንጃ፣ መንግሥት አዟል ብሎ፣ በገዛ ሥልጣኑ ሰብስቦ የት እንዳደረሰው አይታወቅም ነው ክሱ፤ ሁለት ወር ሳይሞላ ማንነታቸውን ዛሬም ማንም ያልነገራት የታጠቁ ሰዎች መንደሩን ሲያቃጥሉት የሚመክት አልነበረም፣ አሥራ አንድ ሰው ሞተ፣ ከአሥራ አንዱ አንዱ ነገራ። ጅረኛ ደግሞ ከላይ ደብዳቤ መጥቶልኝ ነው፣ ማኅተም ያለው፣ ጠመንጃውንም ለላከኝ አስረክቤያለሁ ይላል። ላከ የተባለው አልላክሁም ይላል። ደብዳቤው ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ጋር ነድዷል። ያን ደብዳቤ ከጅረኛ ሌላ በዓይኑ ያየ በዚህች ምድር ላይ አንድ ሰው አለ፣ እሷም እዚህ ተንጋላ ጣሪያ ታያለች። ዝም ካለች ጅረኛ አለቀለት። መዋሸት እንኳ አያስፈልጋትም፣ አላየሁም ማለት ብቻ ነው፤ ለዚያች አንዲት ቃል ሰባት ዓመት የጸለየች ሴት ናት። አየሁ ካለች ግን ዳኛው የት አየሽው ይላታል፣ የት አየሽው ሲላት ያ ቅዳሜ ይወጣል፣ ያን ቅዳሜ ደግሞ ዮሚፍ አያውቀውም።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ የጅረኛ ሚስት ኢልሊ ደውላ ነበር።

«ጋዲሴ፣ አደራሽን።»

«አደራ? አደራ የሚያውቅ ቤት ነው የእናንተ ቤት?»

«ስደቢኝ፣ ተሳደቢ፣ ስድብ ለምጃለሁ። ስኳሩ ዓይኑን ወስዶታል ጋዲሴ። በግድግዳ ተደግፎ ነው የሚሄድ።»

«የእኔውን ከነሙሉ ዓይኑ ነው የቀበርነው። ምን ረባው?»

«አይታዋለች ይላል። በእጇ ይዛ አንብባዋለች፣ ፊደል እንዳንቺ የምታውቅ ሴት በቀበሌው አልነበረችም ይላል። እውነት ነው? እሱን ብቻ ንገሪኝና ልዝጋልሽ።»

«ኔትወርኩ ይቆራረጣል» አለችና ዘጋች። በዚህ አገር ኔትወርክ ተቆራርጦ አያውቅም።

ማታ ደግሞ፣ ማታ ብለው በሚጠሩት ሰዓት፣ ዮሚፍ ደወለ፤ ሁለት ሰዓት መንገድ ከሚርቅ ከተማ ነው የሚሠራው፣ አንድ ልጇ፣ ብቸኛ ዓይኗ። «አዮ፣ ሁለት ሰዓት ላይ እደርሳለሁ። የምትይውን ታውቂያለሽ አይደል?» «አፍ አለኝ እኮ።» «አፍሽን ማን ይረሳዋል፣ አሳጥሪው ነው የምልሽ። አባቴን አስፈራርቶ ጠመንጃውን ወሰደበት፣ ደብዳቤ የሚባል አላየሁም። አለቀ።» «አባትህ ፈሪ ነበር እንዴ?» «አዮ!» «እሺ፣ እሺ። እራትህን ብላ።»

አባትህ ፈሪ ነበር እንዴ። ይህ ነው እንቅልፏን የነሳት። ነገራ ማንንም ፈርቶ አያውቅም፣ ልጁ ግን አባቱን የፈራ አድርጎ ነው የያዘው፣ ሰባት ዓመት፣ አስፈራርቶ ወሰደበት እያለ፣ በጓደኞቹ ፊት ሳይቀር፤ እሷም እየሰማች ዝም ነው። በእጇ አንጓ ላይ ያሰሩላትን ነገር ታሽከረክራለች፣ ሰዓት የሚመስል ግን ሰዓት የማይናገር። ከወደቅሽ ተጫኚው ብለዋት ነበር። አንድ ቀን ልብስ ስታጥብ ሳታውቀው ተጫነችው፣ በዘጠኝ ደቂቃ ሁለት ሴቶች በራሳቸው ቁልፍ ከፍተው ገቡ። ምን ሆንሽ ይላሉ በምልክት፣ ምንም አልሆንኩም ትላለች፣ ይስቃሉ፣ ጫማቸውን በር ላይ አውልቀዋል፤ መንግሥት ጫማውን አውልቆ ሰው ቤት ሲገባ በዕድሜዋ ያየችው ያን ቀን ነው። ሲወጡ መታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ለዮሚፍ ምን ብላ ትነግረዋለች፤ አባትህ ሲሞት ሰው የደረሰልን በሦስተኛው ቀን ነው፣ እዚህ ለሳሙና አረፋ በዘጠኝ ደቂቃ ይደርሳሉ ትበለው?

ዮሚፍ የዚህን አገር ዜግነት ለመውሰድ ይፈተናል። እሁድ እሁድ መጥቶ መጽሐፉን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ያስረዳታል፣ እሷን ሲያስረዳ ለራሱ ይገባዋል። «አንዱ ሊቅ ምን ይላል መሰለሽ አዮ፣ ጥንት መንግሥት ሳይኖር ሰው ሁሉ ሰውን ይፈራ ነበር። ኋላ ተሰበሰቡና ጦራቸውን ሁሉ ለአንዱ ሰጡት፣ በል እንግዲህ አንተ ጠብቀን ብለው።» «ከዚያስ?» «ከዚያማ ሰላም ሆነ።» «ያ አንዱ ቢተኛባቸውስ?» «እሱን ሌላው ሊቅ ነው የሚመልሰው። ካልጠበቀን እናወርደዋለን ነው የሚለው እሱ።» «በምን ያወርዱታል? ጦሩን ሰጥተውት የለም እንዴ?» ዮሚፍ ከት ብሎ ሳቀ፣ ፈተናው ላይ አንቺ ብትቀመጪልኝ አለ። እሷ አልሳቀችም። በቀኝ ክንዷ ላይ የዚያ ቅዳሜ ማሽላ ሲፈስ ተሰምቷታል፣ እስከ ትከሻዋ።

ሊቅ ብርቅ ነው እንዴ ለጋዲሴ። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ፊደል ያስቆጠራት ዘማች፣ ጢም እንኳ ያላበቀለ፣ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ጽፎ ነበር፤ መንግሥት የመደብ መሣሪያ ነው፣ መደብ ሲጠፋ እሱም ይከስማል ብሎ። እስኪከስም ድረስ ግን ዶሮዋን በላባት። ከዚያ ወዲያ ሊቆቹ ማንጎው ዛፍ ሥር ነበሩ፣ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ነገራና ጅረኛ፣ እንዲሁም በርበሬና ጨው ጭኖ የሚመጣው ዐወድ፣ የበርታው ነጋዴ፣ ሰላሳ ዓመት አማርኛ ተናግሮ ዛሬም ጋዲሴን አንተ የሚላት፣ ሰው ሲጠራም በዐረቢኛው ያ ብሎ የሚጀምር። ጅረኛ ያን ጊዜ ገና ሊቀመንበር ሆኖ ሆዱ ወጣ ወጣ ማለት ጀምሯል፣ መንግሥት አባት ነው ይላል፣ አባት ይመታል፣ አባት ያበላል፣ ከአባት ጋር ሂሳብ የለም። ነገራ ይስቃል፤ «አባቴ ሞቷል፣ ሌላ አላሻኝም። መንግሥት ዘበኛ ነው። ዘበኛ አጥር ላይ ይቁም፣ ደመወዙን ይቀበል። ጓዳ ገብቶ ምን ሠራችሁ ያለኝ ዕለት ዘበኛ አይደለም፣ ሌባ ነው።» «አንተ ባለጠመንጃ ስለሆንክ ነው» ይላል ጅረኛ፣ «ጠመንጃ ለሌለው ደሃ ዘበኛ ብቻ አይበቃውም። ማን ያሳክመው? ማን ያስተምረው?» ይህኛው እውነት ነው፣ ጅረኛም አንዳንዴ እውነት ያገኘዋል። ዐወድ ማንጎ እየላጠ ሁለቱንም ያያቸዋል። «ሁኩማ፣ መንግሥት፣ እንደ ዳቡስ ወንዝ ነው፣ ያ ነገራ። ውሃ ትጠጣለህ፣ ዓሣ ትበላለህ፣ አልሐምዱሊላህ። አፉ ላይ ቤት አትሠራም። ዳቡስ ክፉ አይደለችም። አንተን ግን አያውቅም።» ጋዲሴ ከበሩ ሆና ትሰማለች፣ ሦስታችሁም ሥራ ፈቶች ትላለች፣ ውስጥ ውስጡን ግን ከጅረኛ ጋር ናት። ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም። ከጅረኛ ጋር ነበረች።

ምክንያት አላት፤ እሱንም ማስታወስ አትወድም። ዮሚፍ አራት ዓመቱ ነው፣ ሰውነቱ እንደ ፍም ይፋጃል፣ ዓይኑ ወደ ላይ ተገልብጧል፣ ነገራ ከብት ፍለጋ ወጥቶ የለም፣ ጀርባዋ ላይ አዝላው እስከ ሐኪም ቤቱ በር ሄዳለች፣ በሩ ላይ የቆመው ሰውዬ የነፃ ሕክምና ደብዳቤ ከቀበሌ አምጪ አላት። እሁድ ነው። ተመልሳ ሮጠች። የዚያን ጊዜ ጅረኛ ጸሐፊ ነበር፣ ቀጭን ልጅ፣ ምሳውን እየበላ ነበር፣ እጁን እንኳ ሳይታጠብ ተነስቶ ቢሮውን ከፍቶ ጻፈላት፤ ማኅተሟን በትንፋሹ እሁ እሁ ብሎ አሙቆ መታት። ክብ፣ ወይን ጠጅ ቀለም። ያቺን ክብ ነገር አሳየች፣ በሩ ተከፈተ፣ ልጇ ዳነ። ከዚያ ወዲያ ጋዲሴ በማኅተም ታምናለች፤ ሰው ይዋሻል፣ ማኅተም አይዋሽም፤ የመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀቷን ግድግዳ ላይ ስትሰቅል ሰው የሚያየው ስሟን ነው፣ እሷ የምታየው ክቡን ነው። ነገራ ያሾፍባት ነበር። ጋዲሴ በመንግሥተ ሰማያት በር ላይ ቅዱስ ጴጥሮስን ማኅተምህ የታለ ትለዋለች ይል ነበር። አሁን ወንበሩ ላይ ሆኖ አይስቅም።

ቅዳሜ ነው። ሚያዝያ ነው፣ ማንጎው በስሏል፣ ነገራ ማንጎ ጭኖ አሶሳ ሄዷል፣ ማታ ነው የሚመለስ። ጅረኛ መጣ፣ በሩ ላይ ቆመ።

«ነገራ የለም?»

«የለም። ማታ ና።»

«ማታ አይሆንም። መኪናው ዛሬ ነው የሚሄደው።» ወረቀት ዘረጋ። «የጦር መሣሪያ ይሰበሰባል። ወታደር መጥቶ ትምህርት ቤቱ ጎን ይሰፍራል፣ ከእንግዲህ ጠባቂያችን እሱ ነው። ያላስረከበ እንደ ጠላት ነው የሚመዘገብ። ነገራ ሲመጣ ንገሪው፣ ለእሱ ሲባል መኪናው ግን አይቆምም።»

«አምጣው፣ ላንብበው።»

«አንቺ?»

እዚህ ላይ ነው። አንቺ ባይላት ኖሮ። ወረቀቱን ቀምታ ወሰደች፣ በጣቷ እየተከተለች አነበበች፣ ጉዳዩ ይላል፣ የጦር መሣሪያ ማሰባሰብን ይመለከታል ይላል፣ ላቧ እየወረደ ሁለተኛውን መስመር ጨረሰች፣ ጅረኛ አፉን ከፍቶ ያያታል፣ ከዚያ ታች ወረደች፤ ክብ፣ ወይን ጠጅ። ገለበጠችው፣ በጀርባው በኩል ዘልቆ ይታያል። ሴት የባሏን ጠመንጃ አትነካም፣ በዘሯ አልተደረገም፣ የነገራ እናት ጠመንጃ ላይ አቧራ እንኳ ከተቀመጠ ባል እስኪመጣ ትጠብቅ ነበር። ጋዲሴ ግን ፊደል ያላት ሴት ናት፣ የመንግሥት ወረቀት በገዛ እጇ ያነበበች ሴት ናት፣ ባሌ ይምጣና ይወስን የምትል ባላገር አይደለችም፤ ጎተራው ውስጥ ክንዷን እስከ ትከሻዋ ከተተችው፣ ማሽላው ወደ ብብቷ ፈሰሰ፣ ብረቱ ቀዘቀዛት፣ ክላሹን በጨርቁ እንደተጠቀለለ አወጣችና ሰጠችው። ጅረኛ ራሱ ደነገጠ። «ነገራ ምን ይላል?» አላት። «ነገራን ለእኔ ተወው» አለችው። እንዲህ ነው ያለችው። ማንም አላስፈራራም፣ ማንም አልፈራም። ክንዷን ማሽላ ውስጥ የከተተው ኩራቷ ነው።

ነገራ ማታ መጣ። ሰማ። ጎተራው ዘንድ ሄዶ እሱም ክንዱን ከተተ፣ ያልነገረችው ይመስል ፈለገ፣ ፈለገ፣ አወጣው። ይመታኛል ብላ ቆማለች። ቁጭ አለ። «ሰው ሲጠይቅሽ ነገራ ነው ያስረከበው በይ» አላት። «ገባሽ? እኔ ነኝ የሰጠሁት። ሚስቱ ጠመንጃ ሰጠችበት ብለው ገበያ ላይ እንዲዘፍኑብሽ አልፈልግም።» እንዲዘፍኑብሽ ነው ያለው፣ ዘፈኑ ግን በእሱ ላይ ነበር የሚዘፈነው። በማግሥቱ ማንጎው ሥር ለዐወድ እንዲሁ አለው፣ በስልክ ለዮሚፍ እንዲሁ አለው። ወታደሩ መጣ፣ እውነት ነው፣ ትምህርት ቤቱ ጎን ሰፈረ፣ ልጆች ውሃ ይቀዱላቸው ነበር፤ በሦስተኛው ሳምንት ሌላ ቦታ ተፈለጉ ተብሎ ድንኳናቸውን ነቅለው ሄዱ። ጠመንጃው አልተመለሰም። ከዚያ ወዲያ ማታ ውሻ ሲጮኽ ነገራ ተኝቶ ሳለ «ዘበኛሽ መጣ» ይላታል፣ ቀስ ብሎ፣ ያቺ ብቻ ናት የወቀሳት ወቀሳ።

ታጣቂዎቹ ሊነጋ ሲል ነው የመጡት፣ ዝናብ ነበር። ነገራ ኮቱን ለበሰ፣ እጁን ወደ ጎተራው ሰደደ፣ ልማድ ነው፣ ባዶውን ዳበሰና መለሰው፣ ያን እጅ አየችው፣ ሲመለስ አየችው፣ ከዚያ ማንጎ የሚያወርድበትን ረጅም ቀርከሃ አነሳ። ቀርከሃ! በጓሮ ውጪ አላት። ወጣች፣ ጭቃ፣ ሸንበቆ፣ የዐወድ ቤት፣ በርበሬ የሞላ ጆንያ ከላይዋ ጣሉባት፣ ሦስት ቀን በበርበሬ መሃል አላስነጠሳትም፣ እንባዋ ከየትኛው እንደሆነ አታውቅም። ጅረኛ ከመንጋቱ በፊት ሚስቱን በሞተር አፈናጥጦ ሄዶ ነበር፣ ማን ደወለለት፣ በየትኛው ስልኩ? የእሱ ሽጉጥ አልተሰበሰበችም ነበር፣ እሷን ወገቡ ላይ ነው ይዟት የሄደው። ይህ ነው በደሉ። ይህ ደግሞ የእሱ ነው፣ የእሷ አይደለም፣ ለዚህ ይታሰር፣ ለዚህ ይበስብስ። ግን የከሰሱት በዚህ አይደለም።

ስልኳን አነሳች። ዐወድ የላከው ድምፅ አለ፣ አራት ጊዜ ሰምታዋለች፣ አምስተኛ ከፈተችው። ከኋላው ልጆቹ ይጮኻሉ። «ያ ጋዲሴ፣ ሰላም ነህ? ኢልሊ መጥታ አለቀሰ። እኔ ፍርድ ቤት አላውቅም። ጅረኛ መጥፎ ሰው ነው፣ ወላሂ እኔ ሰላም አልለውም። ግን አስብ። ደብዳቤ የለም ካልክ ጥፋት ሁሉ ጅረኛ ብቻ ነው። የላከው ሰውዬ ቤቱ ተኛ፣ ልጁን አገባ፣ ነገ ሌላ ደብዳቤ ይጽፋል። ለሌላ መንደር ይጽፋል። አንተ አይተህ እንደሆነ አላውቅም። አይተህ ከሆነ ግን፣ ያ ጋዲሴ...» እዚህ ላይ አንድ ልጅ አለቀሰና ተቋረጠ።

«ሰማህ?» አለችው ነገራን።

መጋረጃው ጎን ብርሃኑ ቢጫ ሆኗል፣ ይነጋል ማለት አይቻልም፣ አልመሸምና። ይህ ውሸት ያንተ ነው ትለዋለች፣ እኔ ተናገር አላልኩህም፣ ሰጥተኸኝ ሄድክ፣ ስጦታ ነው ብዬ ሰባት ዓመት ለበስኩት። ልጅህ አንተን ፈሪ አድርጎ ያዘህ፣ እኔን ደግሞ ሚስኪን፣ በጀርባዬ አዝዬ ያዳንኩት ልጅ፣ ነገ እናቴ ናት አባቴን ባዶ እጁን ያስወጣችው ቢለኝስ? የቤቴን ቁልፍ ወርውሮልኝ ቢሄድስ? ቢሄድ እዚህ ማን አለኝ፣ የሳሙና ሴቶች? ለማን ነው የምናገረው? ለጅረኛ? ጅረኛ ይሙት። ለመንግሥት? የትኛው፣ የአባቱ፣ የዘበኛው፣ የወንዙ? ሦስታችሁም ዛፍ ሥር ተቀምጣችሁ መንግሥት ምን እንደሆነ ስትከራከሩ አንዳችሁም ማን በር ይከፍትለታል አላላችሁም። እኔ ነኝ የከፈትኩለት። አንድ ሰው ጽፎ፣ አንድ ሰው ተሸክሞ፣ አንዲት ሴት ክንዷን ከታ ነው መንግሥት ጎተራ የሚገባው። አሁን የጻፈው የለሁበትም ይላል፣ እኔም የለሁበትም ልበል? ተሸካሚው ብቻ ይጠየቅ?

ነገራ ኮቱን ይደባብሳል፣ አንድ ነገር እንደጠፋበት ሰው።

ጠዋት ዮሚፍ መጣ፣ ፊቷን አይቶ አልተኛሽም አላት፣ በዚህ አገር ማን ተኝቶ አለችው። ኮምፒውተሩን ጠረጴዛው ላይ ከፈተ። የአሶሳው ችሎት ታየ፤ ጥቁር ካባ የለበሱ ዳኞች፣ ከኋላቸው የተላጠ ግድግዳ፣ ከጎን አንድ ከሲታ ሽማግሌ። ጅረኛ መሆኑን ያወቀችው ስሙ ሲጠራ ነው። ድምፅ በሰማ ቁጥር ጆሮውን ያዞራል፣ ፊቱን ግን ወደሌለችበት ነው ያቀናው። ማለች። ዮሚፍ ካሜራው በማያየው በኩል ተቀምጦ አይዞሽ ብሎ ራሱን ነቀነቀላት።

«እማማ፣ ተከሳሹ ከበላይ የመጣ ደብዳቤ ነበረኝ ይላል» አሉ ዳኛው። «እርስዎ ይህን ደብዳቤ አይተዋል?»

«አይቻለሁ።»

ከጎኗ ወንበር ሲንቋቋ ሰማች። አልዞረችም።

«ጻፍ ልጄ» አለች፣ ማን እንደሚጽፍ ሳታውቅ። «በእጄ ይዤ ነው ያነበብኩት። ማኅተም አለው፣ ፊርማ አለው። የላከውን ፈልጉት፣ አለ።»

«የት ነው ያነበቡት?»

«ቤቴ ውስጥ። ቅዳሜ ነው፣ ባሌ የለም። ክላሹን ከማሽላ ውስጥ አውጥቼ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ነገራ አልሰጠም፣ ነገራን ያስፈራራው የለም። እኔ ነኝ ያስረከብኩት ያለው እኔን ሊሸፍን ነው።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «ጅረኛን ይቅር አለች ብላችሁ ግን እንዳትጽፉ።»

ዳኛው የሚጨምሩት አለ ወይ አሏት። የለኝም አለች። ከዚያ ወንበሯን በሁለት እጇ ያዘች፣ ከነወንበሯ ከኮምፒውተሩ ፊት ዞረች፣ ልጇንም ቀና ብላ ፊቱን አየችው።